እሑድ ይሻላል ያልኩት እኔ ነኝ

የሥነ ምግባር ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ይህን ስናገር ሰው ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ፤ እኔም በሌላ ሰው ላይ ብሰማው ያንኑ ነው የማስበው። ግን የወደቅኩት ባለጌ ስለሆንኩ አይደለም። ጨዋ ስለሆንኩ ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ጄኔቫ ላይ የሥነ ልቦና ትምህርቴን ጨርሼ በአንድ የምክር ማዕከል ረዳት ነበርኩ። ረዳት ማለት ፋይል የሚያመጣ፣ ወረቀት የሚያባዛ፣ ታካሚ ሲያለቅስ ሶፍት የሚያቀብል ማለት ነው። በራሴ ስም ታካሚ ለመቀበል ፈቃድ ያስፈልገኛል፤ ለፈቃዱ ደግሞ ዙሪክ ላይ በፈረንሳይኛም የሚሰጠውን የሕግና የሥነ ምግባር የቃል ፈተና ማለፍ አለብኝ። ያለው ዕድል ሦስት ብቻ ነው። ሦስተኛው ላይ የወደቀ ዕድሜ ልኩን ሶፍት ሲያቀብል ይኖራል።

ሕጉ አላስቸገረኝም። ልጅ ሆኜ ውዳሴ ማርያም እንደሸመደድኩት አንቀጹን ሸመደድኩት፤ ሲገባኝም ሳይገባኝም ከአፌ አይጠፋም። የጣለኝ ሥነ ምግባሩ ነው። መጀመሪያ ጊዜ፣ “አንዲት ታካሚ ቤቷ የጋገረችውን ኬክ ይዛልሽ ብትመጣ ምን ታደርጊያለሽ?” አሉኝ። ይሄ ጥያቄ ነው? “እቀበላለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ እኔም ባዶ እጄን አልጠብቃትም” አልኩ። ከጠረጴዛው ማዶ ያሉት ሦስት ሰዎች ተያዩ። ሁለተኛ ጊዜ፣ “የታካሚሽ እናት ቢሞቱና ወደ ቀብሩ ብትጠራሽ?” አሉኝ። ለቀብር ደግሞ ጥሪ ይጠበቃል እንዴ? ሰምተህ ትሄዳለህ እንጂ። “እሄዳለሁ፤ በሠልስቱም ብቅ እላለሁ” አልኳቸው። ሠልስት ምን እንደሆነ በፈረንሳይኛ ሳስረዳ ሰዓቴ አለቀ። ወደቅኩ። እናቴ ያስተማረችኝ ነገር ሁሉ ተሰብስቦ ነው የጣለኝ።

የምኖረው ፓኪ ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከአንድ ሞሮኮአዊ ሥጋ ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ቤቱ የእትዬ ነው። እትዬ ስል የሥጋ እህቴ አይደሉም፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው የደሴ ሙስሊም፣ ጣቢያው አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ አልጋ የሚያነጥፉ ሴት ናቸው። አንዷን ክፍል ለኔ ሰጥተው በሌላኛዋ ይኖራሉ። ወጥ ቤታችን ውስጥ ሁለት ድስትና ሁለት መጥበሻ አለ፤ የሳቸው ለሳቸው ሥጋ፣ የኔ ለኔ ሥጋ። እኔ ስጾም ብቻ ነው ድስታችን አንድ የሚሆነው።

ለሦስተኛው የሚያስጠኑኝ እሳቸው ነበሩ። ፈረንሳይኛውን አያነቡም፤ እኔ ጉዳዩን በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ይፈርዳሉ። ከሥራ ሲመለሱ እግራቸውን የሞቀ ውሃ ውስጥ ነክረው ዳኛ ሆነው ይቀመጣሉ። “አንድ ሰውዬ ሚስቱን እንደሚጠረጥር ለባለሙያዋ ይናገራል፤ ሚስትየው ደግሞ ደውላ ባሌ ምን አለሽ ትላለች” እላለሁ።

“ሰውየው ዘመድ የለውም እንዴ?” ይላሉ እትዬ።

“አለው እንበል።”

“ካለው ወዳንቺ ምን አመጣው? ይልቅ ሁለት ሽማግሌ ጥሪና ሁለቱንም ፊት ለፊት አቁመሽ አስታርቂያቸው።”

ምስጢር ጥበቃ የሚባለው ትልቁ አንቀጽ እንዲህ ባንድ ቃል ገደል ይገባል። እትዬ ከዚያ አልፈው ባለሙያዋንም ይታዘባሉ። ባለትዳር ትሁን አትሁን፣ ልጅ ይኑራት አይኑራት ሳያውቁ አይፈርዱም። “ትዳር የማታውቅ ሴት ስለ ባል ምን ትመክራለች” ይላሉ። አፍንጫዬ ሥር እንደሚናገሩ ትዝ ሲላቸው “አንቺን አይደለም” ይላሉ።

በሳምንቱ አንድ ነገር ተገለጠልን፤ እትዬ የሚሉትና የመልስ መጽሐፉ የሚለው ፊትና ጀርባ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ጥናቱ ቀለለኝ። እሳቸው ይፈርዳሉ፣ እኔ ፍርዱን እገለብጣለሁ፣ መልሱ ይገኛል። ታካሚዬ ስጦታ ብታመጣ? “ተቀበያት።” አልቀበልም። መንገድ ላይ ባገኛት? “አቅፈሽ ሳሚያት፣ ቤተሰቦቿን አንድ ባንድ ጠይቂያት።” ቀድማ ሰላም ካላለችኝ አላውቃትም። ሠርጓ ላይ ብትጠራኝ? “በጠዋት ሄደሽ ሽንኩርት ላጪ።” ይቅርታ ጠይቄ እቀራለሁ። እትዬ ጨዋታውን ወደዱት። “እኔ ባልኖር በምን ታውቂው ነበር?” ይሉኛል እየሳቁ። እውነታቸውን ነው።

እሳቸውን የሚያስጨንቃቸው አንድ ነገር ነበር፤ ደሴ ያለው ታናሽ ወንድማቸው። እናታቸው የሞቱት እሱ ጡት ሳይጥል ስለሆነ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ወንድሜ ይበሉት እንጂ ልጃቸው ነው። ኩላሊቱን ታሞ ከተኛ ወራት አልፎታል። በየሶላታቸው መጨረሻ ዱዓ ሲያደርጉለት በግድግዳው ወዲያ እሰማለሁ። የዚያ ቤት ግድግዳ ግድግዳ አይባልም፤ ጎረቤት ባስነጠሰ ቁጥር ይማርህ ሳልል የቀረሁት በትዕግሥት ነው።

ለዓርቡ ፈተና አራት ቀን ሲቀረኝ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ስልክ ጠራ። እትዬ ሥራ ላይ ናቸው። ደዋዩ ዙሪክ አጠገብ ዲቲኮን የሚኖረው የአጎታቸው ልጅ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚጭን ቁም ነገረኛ ሰው።

“ብቻሽን ነሽ?” አለኝ።

በኛ ዘንድ እንዲህ ተብሎ ተጀምሮ በደህና ያለቀ ወሬ የለም። የእትዬ ወንድም ቅዳሜ ሞቷል። በዚያው ዕለት ተቀብሯል።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሁላችንም እናውቃለን። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፣ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋ በር ያንኳኳል። እዚህ ግን ስዊስ ነው። ሳይነጋ እሪ ቢባል ከለቀስተኛው ቀድሞ የሚደርሰው ፖሊስ ነው። የሕንጻችን ኮንሴርዥ፣ ማለትም ጠባቂዋ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ መጸዳጃ ቤት ውሃ የለቀቀ ሰው በር ላይ ማስጠንቀቂያ የምትለጥፍ ሴትዮ ናት። ቢሆንም የአጎት ልጅ አስቦበታል። “እዚያው ጄኔቫ አምስት ሰው አግኝቻለሁ። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ለሥራ ሳትወጣ ይደርሱላታል። እኔና ኡስተር ያሉት ባልና ሚስት ማታ እንገባለን” አለኝ።

የመለስኩለትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። “እሑድ ቢሆን አይሻልም?” አልኩት።

ምክንያቱን ደረደርኩለት። እሑድ ሁላችሁም ዕረፍት ናችሁ። የዙሪኩም የዲቲኮኑም የኡስተሩም ሰው ባንድ ባቡር ይመጣል። እትዬ ሥራ ሊወጡ ሲሉ ከሚሰሙ ቀድመን ከሆቴሉ ፈቃድ እንጠይቅላቸዋለን። ውሸት አልነበረበትም፣ አንዱም። የጎደለው እውነተኛው ምክንያት ብቻ ነው። መርዶው ነገ ከተነገረ ቤቱ ለቀስተኛ ይሞላል፣ እኔ ሻይ ሳፈላና ወንበር ስለቅም ዓርብ ይደርሳል፣ የመጨረሻዋ ዕድሌ ትቃጠላለች። ስለዚህ የሥነ ምግባር ፈተና ለማለፍ ብዬ የሰው ወንድም ሞት ቀጠሮ ሰጠሁ። ሲጻፍ ያስቃል። የሚያሳፍረኝ ግን የአጎት ልጅ “እሺ፣ እሑድ ይሁን” ሲለኝ ልቤ ቀለል ማለቱ ነው። “ተባረኪ፣ አስተዋይ ልጅ ነሽ” ብሎ መረቀኝ።

ስልኩን ዘግቼ ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። ማታ እትዬ ሲገቡ ዐይኔን በጨው አጥቤ፣ ስልካችን ተበላሽቷል አልኳቸው።

“እሰይ፣ አርፈሽ ታጠኛለሽ” አሉ።

ማክሰኞ ፓኪ ሙሉ ሰምቶ ነበር። ሞሮኮአዊው ባለ ሥጋ ቤት ለእትዬ ያለ ምክንያት ቴምር ጠቀለለላቸው። አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ አውቶቡስ ላይ አይታቸው ዐይኗ እንባ ሲሞላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። “ዛሬ ሰው ምን ነክቶታል?” አሉኝ ቴምሩን እየበሉ፤ “ያገኘኝ ሁሉ እጄን ይዞ አልለቅ ይላል። ገርጥቻለሁ እንዴ?”

“ብርዱ ነው” አልኳቸው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ረቡዕ የባሰው መጣ። እትዬ የፋርማሲ ከረጢት ይዘው ገቡ። ቅዳሜ ወደ አገር ቤት የሚበር ሰው ተገኝቷል፤ አንድ ሐኪም የደሴውን ሐኪም ደብዳቤ አይቶ የጻፈላቸውን መድኃኒት ለወንድማቸው ሊልኩ ነው። “ወረቀቱን አማርኛ አድርጊልኝ፤ እዚያ ፈረንሳይኛ የሚያነብ ማን አለ?” አሉኝ። ምን ልበል? ቁጭ ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ካርቶኑ ላይ ጻፍኩ። ጠዋት አንድ ፍሬ፣ ማታ አንድ ፍሬ፣ ከምግብ በኋላ። አፈር ከለበሰ አራት ቀን ለሆነው ሰው፣ ከምግብ በኋላ ብዬ ጻፍኩ።

“ሆዱን እንዳያመው ወተት ይጠጣበት ብለሽ ጨምሪ” አሉኝ። ጨመርኩ። አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ስጽፍ አይተው፣ “ፈተናው ነው። አይዞሽ፣ ዛሬ ይብቃሽ” አሉኝ። ያኔ መናገር እችል ነበር። አፌን ከፍቼ፣ “እትዬ” ብያለሁ።

“አቤት?”

“መድኃኒቱ ሙቀት አይወድም ይላል” አልኩ።

ሐሙስ ከሥራ ተመልሰው ሲሰግዱ እኔ የታካሚ መብት የሚለውን ምዕራፍ ገልጬ ነበር። “ያ ረቢ፣ አፊያ አርገው፤ እኔን አስቀድመህ እሱን አቆይልኝ” ሲሉ ይሰማል። ቀጥለው ደግሞ ለኔ ፈተና ለመኑ። ተነስቼ የቧንቧውን ውሃ ከፈትኩ፣ እንዳልሰማ። ሰው ከራሱ ለመደበቅ ምን የማያደርገው አለ። ስመለስ ምዕራፉን እንደገና ከላይ ጀመርኩት፣ አንድም ቃል አልገባ አለኝ።

ዓርብ በጠዋት ተነስተው ዳቦና ሙዝ ጠቀለሉልኝ። መዳፋቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው፣ “አላህ ምላስሽን ያቅናልሽ። እኔ የምለውን እንዳትመልሺ ብቻ” አሉኝ። ባቡሩ ውስጥ ዳቦውን ሳልፈታው ያዝኩት። ከኔ ፊት ለፊት የተቀመጠች ልጅ ጮክ ብዬ አንቀጽ ስደግም አይታ ወንበር ቀየረች።

ዙሪክ የጠበቁኝ እነዚያው ሦስቱ ናቸው። መሐል የተቀመጠችው፣ ሁለት ጊዜ የጣለችኝ ሽበታም ሴትዮ፣ ከወረቀት አነበበችልኝ። አንድ ባለሙያ ሥራውን ሊለቅ ወስኗል። ለታካሚዎቹ ወዲያው መንገር ነበረበት። ግን የራሱ ጉዞ አለበት፤ ከነገራቸው ጥያቄውም ለቅሶውም ይበዛበታል። ስለዚህ ከጉዞው እስኪመለስ አዘገየው። ሲጠየቅ፣ ለነሱ ይሻላል ብዬ ነው አለ። አንቺስ ምን ትያለሽ?

እንደዚያ ቀን ፈረንሳይኛ ተናግሬ አላውቅም። “ይሻላል ያለው ለራሱ ነው” አልኳት። “መዘግየት ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። የሚታየው ለማን ተብሎ እንደዘገየ ነው። ይሄ ሰው የነሱን ቀን ወስዶ ለራሱ አዋለው። የደረደረው ምክንያት አንድ ባንድ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ዋሽቷል።” ሳልጠየቅ ሌላም ሌላም ጨመርኩ። ሰውየውን እንደ ግል ጠላቴ ረገምኩት። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። ኮሪደር ላይ ጥቂት አስቀምጠው ጠሩኝና አልፈሻል አሉኝ። እጄን እየጨበጠች፣ “ይህ ከመጽሐፍ የመጣ መልስ አይደለም፣ ከልምድ ነው” አለችኝ። ከልምድ ነው፣ ምን ጥያቄ አለው።

ከመንገድ ስልክ ደውዬለት የዲቲኮኑ የአጎት ልጅ ዋናው ባቡር ጣቢያ መጥቶ ጠበቀኝ። እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ሦስት ጊዜ ሳመኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ለእሑድ ሁሉም ነገር ተስተካክሏል፤ ባንድ ላይ ስለሚሄዱ የቡድን ቲኬት ቆርጧል። በቡድን ቲኬት የሄደ መርዶ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ቤት ስደርስ እትዬ ደረጃው አናት ላይ ቆመው ነበር። “እህስ?” አሉ።

“አለፍኩ።”

እትዬ እልል አሉ። ደረጃው ላይ ቆመው፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ሦስት ጊዜ፣ ሕንጻው እስኪያስተጋባ። ኮንሴርዧ ጉድ ፈላ ብላ ብቅ ስትል ወርደው አቅፈው ሳሟት፤ ምን ታድርግ፣ ተመልሳ ገባች። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው ሐበሻ መርዶውን ሰምቷል። በሩን ገርበብ አድርጎ እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፣ ቀስ አድርጎ ዘጋው። እኔ ቦርሳዬን እንዳነገትኩ ቆሜያለሁ። ዓርብ ነውና የጾም ምስር ሠርተው ጠብቀውኛል፤ ከአንድ ሳሕን በላን። እያጎረሱኝ፣ “ወንድሜ ይሄን ቢሰማ እንዴት ደስ ይለው ነበር። ሲሻለው እንደውልለታለን” አሉ። ዋጥኩ።

እሑድ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ በር ተንኳኳ። ባቡሩ እንደ ልማዱ አላረፈደም። የከፈቱት እትዬ ናቸው። ደጃፉ ላይ የአጎታቸው ልጅ፣ ከሱ ኋላ የኡስተሮቹ ባልና ሚስት፣ ከዚያ የዙሪኮቹና የጄኔቫዎቹ ደረጃውን ሞልተው ቆመዋል። ሴቶቹ ጥቁር ሻሽ አስረዋል። እትዬ አንድ ባንድ አዩዋቸው። ይህን ያህል ሐበሻ ዝም ብሎ በር ላይ ከቆመ ወሬው አንድ ነው። የወንድማቸውን ስም ጠሩና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ሦስት ቀን ቤቱ በሰው ተጨናነቀ። ሻይ አፈላሁ፣ ከሥጋ ቤቱ ወንበር ተዋስኩ፣ ኮንሴርዧን ለመንኩ፤ እሷም ነገሩ ሲገባት አበባ ይዛ መጣች። ሰው ሁሉ ተባረኪ ይለኛል፣ ለእትዬ እንደ ልጅ ሆንሽላቸው ይለኛል። አሜን እያልኩ ትሪውን አዞራለሁ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ለቀስተኛ ወጣ። እትዬ ፍራሹ ላይ ነበሩ፣ እኔ ብርጭቆ እሰበስባለሁ።

“መቼ ሰማሽ?” አሉኝ።

እሑድ ከሰዎቹ ጋር ብል ማንም አይከሰኝም ነበር። “ሰኞ” አልኩ። “በነጋታው ሊመጡ ነበር። እሑድ ይሻላል ያልኩት እኔ ነኝ።”

“ለምን?”

“ለፈተናው።”

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። “ደንባችን ነው እኮ እትዬ፣ መርዶ ይደበቃል” አልኩ። ያንን አፌን እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ።

“ይደበቃል” አሉ፤ ድምፃቸው አልጠነከረም። “እህል እንዲቀምስ፣ እንቅልፍ እንዲያገኝ፣ ሰው እንዲከበው ተብሎ ለሐዘንተኛው ይደበቃል። አንቺ የደበቅሽው ላንቺ ነው። አፊያ አርገው ስል ሰማሽኝ። መድኃኒቱን ጻፍሽ። እሱስ ይሁን፣ ልጅ ነሽ፣ ጨንቆሻል። እልል ስል እንዴት ዝም አልሽ? አፈሩ ሳይደርቅ፣ ደረጃ ላይ ቆሜ፣ እልል አልኩበት።”

አፌን ብከፍት ሥነ ምግባር የሚል መጽሐፍ ውስጥ ያለ አንድም ቃል አልመጣልኝም። ብርጭቆዎቹን እንደያዝኩ እንባዬ መውረድ ጀመረ፣ ከዚያ ድምፄም ወጣ።

እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። “አታልቅሺ” አሉኝ። “ይሄን እንኳ ለኔ ተይልኝ።”

ፊቴን በክንዴ ጠርጌ ብርጭቆ ላጥብ ወጣሁ።